የቧንቧ ብረት መብራት፦ ናስትሮው ስንት ዙር ይበቃል?

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)
ሰላም ጀመዓ። ከግማሽ ኢንች የውሃ ቧንቧና ከሁለት ኤልቦ የጠረጴዛ መብራት እየገጠምኩ ነው፤ ቆቡ ከአክርማ የተሰፋ ነው። ሽቦው ስላጠረኝ ቧንቧው ውስጥ ቀጥዬ በናስትሮ ጠቅልዬዋለሁ። ስንት ዙር ይበቃል?

መልስ (ደሴ)
አብሽር ወንድሜ፣ ዙሩን ተወው። ብረት ውስጥ ቅጥያ አይገባም። ናስትሮ ሲሞቅ ማጣበቂያው ይለሰልስና ጫፉ ይገለጣል፤ እንደናንተ ባለ ሞቃት አገር ደግሞ ይፈጥናል። መዳቡ ብረቱን ሲነካ መብራቱ እንደበራ ቧንቧው 220 ቮልት ተሸክሞ ሊቀመጥ ይችላል።

ከስፒናው እስከ ፖርታላምፓዳው (አምፖል መያዣው) አንድ ወጥ ገመድ ሳብ፤ ሱቅ «3 በ 0.75» በል፣ ሦስት ሽቦ እያንዳንዱ 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ማለት ነው። ሦስቱንም ሽቦ የሚያለብስ የውጭ ሽፋን ይኑረው። ያቺ ቀጭን መንታ ሽቦ ለዚህ አትሆንም።

መጀመሪያ ግን የቧንቧውን አፍ እይ። በቧንቧ መቁረጫ ከተቆረጠ ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፎ ስለት ያወጣል። በክብ ሞረድ ሞርደውና ሻሽ ጎትትበት፤ ክር ከመዘዘ ገና ነው። መግቢያና መውጫው ላይ ጎሚኒ አልብስ። ገመዱ ሲጎተት ክብደቱ ብሎኖቹ ላይ እንዳይወድቅ የመብራቱ እግር ውስጥ በገመድ መያዣ እሰረው።

ፖርታላምፓዳው ጋ ከ6 እስከ 7 ሚሊሜትር ብቻ ላጥ። ክሮቹን ጠምዝዘህ አስገባ፣ አንዷም ውጭ እንዳትቀር። በሊድ (በብየዳ ቆርቆሮ) አታጠንክራቸው፦ ሊድ በብሎን ሲጨመቅ ቀስ እያለ ይሸሻል፣ ብሎኑ ይላላል፣ የላላ ቦታ ይግላል። ፌዙ (ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ) ከመሀለኛዋ ምላስ ጋር፣ ኒውትራሉ (መላሹ ሽቦ) አምፖሉ ከሚጠመዘዝበት ጥርስ ጋር።

መልስ (ወልድያ)
ዋናው የመሬት ሽቦው ነው። ቢጫ አረንጓዴውን በካፖኮርዳ (ሽቦ ጫፍ ላይ በሚጨመቅ ቀለበት) ከቧንቧው ጋር በብሎን እሰር፤ ከሥሩ ቀለሙንና ዝገቱን ፋቅ። ሶኬቱን ግን አትመነው። የመሬት ጆሮ እያለው ጀርባው ላይ ሽቦ ያልተሰጠው ሞልቷል፤ ብሬከሩን አጥፍተህ፣ መጥፋቱን በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) አረጋግጠህ ክፈተው። ከሌለ ቧንቧውን ትተህ በእንጨት ወይም በሸክላ ሥራው። መሬቱን ከኒውትራል ጋር የሚያገናኙ አሉ፤ ኒውትራሉ የተቆረጠ ቀን ብረቱ በሙሉ ፌዝ ይሆናል።

ጠያቂ
ስፒናው ተገልብጦ ቢሰካስ?

መልስ (ደሴ)
ክብ እግር ያለው ሲገለበጥ ፌዙ ጥርሱ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ሁለቱንም ሽቦ የሚቆርጥ ማብሪያ ግጠም፣ አምፖል ስትቀይር ደግሞ ንቀለው።

ሳትሰካ በፊት አምፖሉን አውጣ፣ ማብሪያውን አብራ፣ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርግ። ከስፒናው ሁለት እግሮች ወደ ቧንቧው ምንም መገናኘት ማሳየት የለበትም፤ ከመሬት ጆሮው ወደ ቧንቧው ከ1 ኦም በታች ይሁን። ገመዱን እያወዛወዝክ ድገመው። ቴስተር የሚልከው ጥቂት ቮልት ስለሆነ የሳሳ ሽፋን ያመልጠዋል፤ ለዚያ ዓይንህን ተጠቀም።

ለአክርማው ቆብ 7 ወይም 9 ዋት ኤልኢዲ ይበቃል። የ60 ዋቱ ቢጫ አምፖል የገመዱን ፕላስቲክ ያደርቀዋል፣ አክርማውንም ያጠቁረዋል።