የክረምት በጎ ፈቃድ፦ ለትራኮማ ሥራ ተማሪ ምን ይጠቅማል?

የክበቡ ጸሐፊ
ሰላም ለሁላችሁ። የዩኒቨርሲቲያችን የጤና ክበብ በዚህ ክረምት 24 ተማሪዎች ይዞ አማራ ክልል ውስጥ ሁለት የገጠር ቀበሌዎች ላይ ስለ ትራኮማ (ዓይን ስለሚያጠፋው ተላላፊ በሽታ) ሊሠራ አስቧል። ግማሾቻችን የጤና ተማሪዎች ነን፤ የቀሩት ከምህንድስናና ከሶሻል ሳይንስ ናቸው። ጊዜያችን ሁለት ሳምንት ነው። ለቲሸርት፣ ለበራሪ ወረቀትና ለድምፅ ማጉያ የሚሆን ገንዘብ ተዋጥቷል። መድኃኒት ማደል እንችላለን? ካልሆነ ምን ላይ ብናተኩር ይሻላል?

ሲስተር ብ.
በራሳችሁ ማደል አትችሉም። የትራኮማ መድኃኒት የሆነው አዚትሮማይሲን በዘመቻ የሚታደለው በጤና ቢሮ መርሐ ግብር ሲሆን፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ልጆች ንቁ ትራኮማ (የዓይን ቆብ ውስጥ የሚታይ ቁጣ) የተገኘባቸው 5 በመቶና ከዚያ በላይ በሆኑበት ወረዳ ነው። መጀመሪያ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ አስገቡና ዕደላ መኖር አለመኖሩን ጠይቁ። ከገጠመላችሁ፣ ሠልጥናችሁ መዝገብ መያዝና ቁመት መለካት ትችላላችሁ።

የመድኃኒቱ መጠን የሚወሰነው በቁመት መለኪያው ዘንግ ነው፤ ለአዋቂ ከፍተኛው ባለ 250 ሚሊ ግራም 4 ክኒን ነው። ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው፦ ዘንጉ ተዳፋት ላይ ይቆማል፣ ጥምጥም ሳይወልቅ ይለካል። ከ6 ወር በታች ላሉ ሕፃናት አይሰጥም፤ ለእነሱ ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት በቀን ሁለቴ ለ6 ሳምንት ነው። የሚያለቅስ ልጅ አፍንጫ ይዞ ማስዋጥ ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ትን ብሎት ሊሞት ይችላል። «ቤት ወስጄ እውጠዋለሁ» የሚል ቢመጣ እሺ አትበሉ፤ እፊታችሁ ይዋጥ።

ወሎዬው
ቲሸርቱን ትታችሁ ገንዘቡን ባትሪና ደብተር ግዙበት። ዓይን የሚያጠፋው ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌኑን ሲፍቅ ነው፤ ባለሙያዎች ትሪኪያሲስ የሚሉት። ቀዶ ሕክምናውን የሠለጠነ ባለሙያ ጤና ጣቢያ ላይ በማደንዘዣ መርፌ ይሠራዋል፣ ታካሚውም በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። የሚጎድለው ታማሚውን ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚያገኘው ሰው ነው። ሁለት ሳምንት ለዚህ ይበቃል።

ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ጎጥ በጎጥ ሂዱ። አዋቂዎችን በሙሉ ፊት ለፊት እንዲያዩ እያደረጋችሁ ዓይናቸውን በባትሪ እዩ፤ አንድ ፀጉር እንኳ ብሌኑን ከነካ ይመዝገብ። የዓይን ቆብ መገልበጥ ላልሠለጠነ ሰው አይፈቀድም። ጠዋት ሽፋሽፍታቸውን በወረንጦ የነቀሉ እናቶች ዓይን ንጹሕ መስሎ ስለሚያልፋችሁ «እማማ፣ ወረንጦ ይይዛሉ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጥያቄው ከባትሪው ይልቅ ብዙ ሰው ያገኛል። ስም፣ ጎጥ፣ የአባወራ ስም፣ የትኛው ዓይን፣ የዘመድ ስልክ ጻፉ። ዝርዝሩን ለጤና ጣቢያው በእጅ አስረክባችሁ ቅጂ አስቀሩ።

ክረምት ላይ ሁሉም ለቀዶ ሕክምና እሺ አይልም፤ እርሻ አለ። ቀጠሮውን ከአጨዳ በኋላ አድርጉት። ከግቢያችሁ ሆናችሁ ጥር ላይ ደውላችሁ ማስታወስም ዘመቻ ነው፣ በቲሸርትና በድምፅ ማጉያ ከሚደረግ ሰልፍ የበለጠ።

መ. ኢንጂነር
ለምህንድስናዎቹ፦ ፊት መታጠቢያ ሥሩ። ባለ ሁለት ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ከታች በጋለ ቀጭን ምስማር ብሱና ውሃ ሞልታችሁ በቁመት እሰሩት። ክዳኑ ሲላላ ይፈሳል፣ ሲጠብቅ ይቆማል። ቀዳዳው ከሰፋ አየር በዚያው ስለሚገባ ክዳኑ ቢጠብቅም ያንጠባጥባል፤ መጠገን አይቻልም፣ ሌላ ጠርሙስ ነው። ስስ ጠርሙስ ልጆች ጨምቀው ይጨርሱታል። የወንዝ ውሃ ከሆነ በጨርቅ አጥልሉ፤ አለበለዚያ በደለል ይደፈናል።

«ውሃ የለንም» ለሚሉ ንግግር አታብዙ። አንድ ሊትር ለክታችሁ እናቶቹ ራሳቸው ስንት ልጅ ፊት እንደሚያጥቡበት ይቁጠሩ። የሁሉንም ልጆች ፊት በአንድ ነጠላ ጫፍ መጥረግ ግን ባክቴሪያውን ከዓይን ወደ ዓይን ያዞረዋል፤ ይህንንም አንሱ። ዝንቡም የሚራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ስለሆነ ያለ መጸዳጃ ቤት ፊት መታጠብ ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው።

የክበቡ ጸሐፊ
እናመሰግናለን። በራሪ ወረቀቱ ይቀራል። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ብንጀምርስ?

ሲስተር ብ.
ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። ዕደላ ከገጠማችሁ ጠዋት ማንም ክኒን አይውጥም፤ ከ9 ሰዓት በኋላ መድቡት። ለቤት ለቤት ምርመራ ግን ጾሙ አያውክም። እንደ 12 ሚካኤልና 21 ማርያም ባሉ በዓላት ሰው ከእርሻ ስለሚያርፍ ከቅዳሴ በኋላ ብዙ ሰው ቤቱ ታገኛላችሁ። ቄሱን ቀድማችሁ አነጋግሩ። «መድኃኒቱ መውለድ ይከለክላል» የሚል ወሬ ከተነሳ ከእናንተ ይልቅ የእሳቸው ቃል ይሰማል። የሕፃናቱን ፊት ፎቶ አንስቶ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ደግሞ ያለ ወላጅ ፈቃድ አይሆንም፤ ይህን ከመሄዳችሁ በፊት በጽሑፍ አስፈርሙ።