ተፍቆ የተነሳው አስፋልት ተመልሶ ይነጠፍ ወይስ ይቅር?

አድሚን፦ ሰላም የድሬ ልጆች። የዛሬው ክርክር ይሄ ነው፦ አሮጌ መንገድ ሲታደስ በማሽን ተፍቆ የሚነሳው አስፋልት ከአዲስ ጋር ተቀላቅሎ ከተማችን ውስጥ ይነጠፍ? ወይስ አዲስ ብቻ? መሳደብ ከግሩፑ ያስወጣል።

የከዚራው መሐንዲስ፦ ይነጠፍ እንጂ! አስፋልት ከመቶ 95 ያህሉ ጠጠርና አሸዋ ነው፣ 5 ያህሉ ጠጠሩን የሚያጣብቀው ሬንጅ። ውዷ እቺ 5ቷ ናት። የነዳጅ ማጣሪያ የለንም፤ ሬንጁ በዶላር ተገዝቶ ነው የሚገባው። አሮጌው ውስጥ ያለው ግን አንዴ ተከፍሎበታል፣ እሱን ገደል መሙያ ማድረግ ግፍ ነው። ጃፓኖች ድብልቃቸው ውስጥ የሚያስገቡት አሮጌ ግማሽ ገደማ ይደርሳል።

ባጃጅ 24 ሰዓት፦ አቦ ጃፓንን ተዋት! አዲስ የተባለውም እኮ ክረምት ሲገባ ጉድጓድ ነው። ጎማና ባሌስትራ የምቀይረው እኔ። ልብሱ ሰልባጅ፣ አሁን ደግሞ መንገዱም ሰልባጅ ይሁን?

የላቦራቶሪዋ፦ ባጃጅ፣ መጠርጠርህ ልክ ነው። ሬንጅ ፀሐይና አየር ላይ በቆየ ቁጥር ይደርቃል፣ የድሬን ፀሐይ ደግሞ እኔ አልነግርህም። ይሄ ድርቀት ሁለት መልክ አለው። የጅቡቲ ከባድ መኪና በሚቆምበት ቦታ አስፋልቱ በጎማ ልክ የሚሰረጎደው ሬንጁ በሙቀት ሲላላ ነው፤ ደረቁ ይህን ይቋቋማል። ሲበዛ ግን ይሰነጠቃል። ስለዚህ አሮጌው ከ15 በመቶ በታች ከሆነ በተለመደው ሬንጅ ይሠራል። ከዚያ ከፍ ሲል ለስላሳ ሬንጅ ወይም ማለስለሻ መጨመር ግድ ነው።

ደግሞ ነገሩ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ተፍቆ የተነሳው አስፋልት ክምር ላይ ነው። ሜዳ ላይ ከተተወ ዝናብ ይጠጣል፣ በሸራ ከተጠቀለለ እርጥበቱ ውስጡ ይታፈናል። የሚፈልገው ጎኑ ክፍት የሆነ ጣሪያ ነው። እርጥብ ከገባ ማሞቂያው ውሃ በማትነን ነዳጅ ይጨርሳል። እሳቱ በቀጥታ ካገኘው ደግሞ ሬንጁ ይቃጠላል፤ ለዚህ ነው አዲሱን ጠጠር ከወትሮው አብልጠው አግለው አሮጌውን በእሱ ግለት የሚፈቱት። ይህን ማድረግ የማይችል ማደባለቂያ ይዞ «ሪሳይክል እሠራለሁ» የሚል ኮንትራክተር ከመጣ እኔም ከባጃጅ ጋር ነኝ።

ጋሼ ምድር ባቡር፦ ልጆቼ፣ የ1998ቱን የሐምሌ መጨረሻ ጎርፍ ያየ ሰው ስለ ሬንጅ አይጨቃጨቅም። እዚህ አገር መንገድ የሚበላው ውሃ ነው። ቦዩ በደለል ተደፍኖ ውሃው ከስር ከገባ አዲሱም አሮጌውም እኩል ይነሳል። መጀመሪያ ቦዩን ጥረጉ።

የላቦራቶሪዋ፦ እውነትዎን ነው ጋሼ። ለሬንጁ ግን አንድ መላ አለ። በውሃ የተፈታ ኖራ ከጠጠሩ ክብደት ከ1 እስከ 1 ተኩል በመቶ ሲጨመር ሬንጁ በውሃ ከድንጋዩ እንዳይላቀቅ ይይዘዋል። የኖራ ድንጋይ እንደሆነ ዙሪያችን ነው፣ ሲሚንቶ ፋብሪካዎቹም እሱን ብለው ነው እዚህ የተተከሉት። የተደፈነ ቦይን ግን ኖራም አያድነውም።

የሳቢያን ልጅ፦ ፕላስቲኩስ? ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ የተጣለውን ሃይላንድና የጫት ፌስታል አቅልጦ መጨመር ነው! ህንዶች እንደዛ ነው የሚሠሩት።

የላቦራቶሪዋ፦ ፌስታሉ እሺ፣ ከ110 እስከ 130 ዲግሪ ባለው ይቀልጣል። ሃይላንዱ ግን 250 አካባቢ ይፈልጋል፣ ድብልቁ የሚሠራው 160 ገደማ ላይ ነው። ሳይቀልጥ እንደ ጠጠር ይቀመጣል።

የሳቢያን ልጅ፦ ይቀመጣ! መሬት ላይ ከሚበን አይሻልም?

ጋሼ ምድር ባቡር፦ መንገዱ ሲፋቅ ብናኙ ተመልሶ ደቻቱ ነው የሚገባው የኔ ልጅ።

የከዚራው መሐንዲስ፦ ፕላስቲኩን ለሌላ ቀን እንተወው፣ ጥያቄው እሱ አይደለም። እኔ የምለው ከዋናው መንገድ አንጀምር። ሰፈር ውስጥ፣ ሲኖትራክ የማይገባበት መንገድ ላይ ይሞከር።

ባጃጅ 24 ሰዓት፦ አየህ! ሙከራው ሁሌ እኛ ሰፈር። እናንተ ሰፈር ከዚራ ላይ ሞክሩት እስቲ፣ የዛፉ ጥላ ስር።

የከዚራው መሐንዲስ፦ ጥላ ስር ሙከራ አይሆንም ወንድሜ፣ ፀሐይ ያለበት ነው የሚፈትነው።

ባጃጅ 24 ሰዓት፦ እንግዲያው ስንት በመቶ አሮጌ እንደገባበትና የላቦራቶሪው ውጤት ሳይነጠፍ በፊት ይለጠፍ። የዋስትናው ጊዜ ሳያልቅ ከተሰነጠቀ ኮንትራክተሩ በራሱ ኪስ ይሥራው። ያኔ እስማማለሁ።

የከዚራው መሐንዲስ፦ ተስማማን። በ20 እንጀምር።

ባጃጅ 24 ሰዓት፦ 10!

የከዚራው መሐንዲስ፦ 15፣ መጨረሻ።

የላቦራቶሪዋ፦ አቦ ጫት ተራ አደረጋችሁት! ከክምሩ ናሙና ተወስዶ የሬንጁ ድርቀት ሳይለካ ማንም ቁጥር አይጥራ።