ሦስት ሌሊት በእንግሊዝ ገጠር፣ መኪና ሳንነዳ፦ የት ብናርፍ ይሻላል?

የሜሪላንዱ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለአሥረኛ ዓመት የጋብቻ በዓላችን እኔና ባለቤቴ እንግሊዝ ገጠር ውስጥ ካሉት ወደ ሆቴልነት የተቀየሩ የድሮ ባላባት ቤቶች በአንዱ ሦስት ሌሊት ማረፍ እንፈልጋለን። ጊዜው በፈረንጆቹ ኦክቶበር መጀመሪያ፣ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ ተነስተን ሂዝሮው ጠዋት እንገባለን። ከአውሮፕላኑ ውጪ ለሁለታችን 2,500 ፓውንድ መድበናል። በግራ በኩል መንዳት አልፈልግም። እኔ የአሜሪካ ዜጋ ነኝ፤ እሷ ግሪን ካርድና የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው ያላት። ረቡዕና ዓርብ እንጾማለን፣ ረቡዕ እስከ 9 ሰዓት ነው የምንቆየው፤ አሳማ ደግሞ በየትኛውም ቀን አንበላም። ኮትስዎልድስን ብዙ ሰው ይመክራል፣ ግን ሰፊ ስለሆነ የትኛው ጫፍ እንደሚሻል አላወቅንም።

ባለ ካርታው፦

ከሁሉም አስቀድማችሁ የባለቤትህን ቪዛ ጨርሱ። አንተ የሚያስፈልግህ ኢቲኤ የሚባለው የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ብቻ ነው፤ በስልክ መተግበሪያ ይሞላል፣ ሁለት ዓመት ወይም ፓስፖርትህ እስኪያበቃ ያገለግላል። ግሪን ካርድ ግን እንግሊዝ ድንበር ላይ ቪዛን አይተካም፤ እሷ ስታንዳርድ ቪዚተር ቪዛ ማውጣት አለባት። ከጉዞው 3 ወር ቀደም ብሎ ማመልከት ይቻላል፤ አሻራ ከሰጠች በኋላ መልሱ በአብዛኛው በ3 ሳምንት ይመጣል። ሁለታችሁም በእንግሊዝ መንግሥት ድረ ገጽ፣ በጎቭ ዶት ዩኬ፣ በኩል ብቻ ሙሉ፤ የመንግሥት መስለው እጥፍ የሚያስከፍሉ ድረ ገጾች ሞልተዋል። ቪዛው እጃችሁ እስኪገባ ሆቴሉን መሰረዝ በሚቻልበት ዋጋ ያዙ። ረከስ የሚለው ዋጋ ሙሉ ክፍያውን አስቀድሞ ይወስዳል፣ ቪዛ ቢከለከልም አይመልስም።

አሁን ወደ ቦታው። ኮትስዎልድስ ከባዝ አካባቢ እስከ ቺፒንግ ካምደን የተዘረጋ የኖራ ድንጋይ ኮረብታማ አገር ነው፤ ስፋቱ 2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያልፋል። መኪና የሌለው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ቢበሪን፣ ቦርተን ኦን ዘ ዋተርን፣ ካስል ኩምንና ቺፒንግ ካምደንን በአንድ ዝርዝር ይጽፍና ‹በታክሲ እንዞራለን› ይላል። የመንደር አውቶቡስ በቀን ጥቂት ጊዜ ነው የሚመጣው፣ ማታ ጭራሽ የለም። በስልክ መተግበሪያ የሚጠሩ ታክሲዎች ገጠሩ ውስጥ አይገኙም ማለት ይቀላል፤ የአካባቢው ታክሲ ደግሞ የትምህርት ቤት ልጆች በሚያመላልስበት ሰዓት አይመጣም። ስለዚህ ሆቴሉን መምረጥ ያለባችሁ ከበሩ ወጥታችሁ በእግር በምትደርሱበት ነገር ነው።

በዚህ መለኪያ ሁለት ቦታ እመክራለሁ። ሰሜን ላይ ብሮድዌይ መንደር፣ ሊገን አርምስ። ሆቴሉ ዋናው ጎዳና ላይ ስለሆነ ሱቁም፣ ፐቡም፣ የእግር መንገዱም በሩ ላይ ነው። ከመንደሩ ተነስታችሁ ኮትስዎልድ ዌይ የሚባለውን የእግር መንገድ ምልክት ተከትላችሁ ሽቅብ ስትወጡ 312 ሜትር ከፍታ ላይ ብሮድዌይ ታወር ይገኛል፤ ደርሶ መልሱ ግማሽ ቀን ቢመደብለት ይበቃዋል። በባቡር ከለንደኑ ፓዲንግተን ጣቢያ ሞርተን ኢን ማርሽ ድረስ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ከዚያ በቅድሚያ የተያዘ ታክሲ።

ደቡብ ላይ ሉክናም ፓርክ የሚባለው ሆቴል፣ ከባዝ 6 ማይል ያህል ርቆ። 500 ኤከር የራሱ መሬት፣ አንድ ማይል ርዝመት ያለው በዛፍ የታጀበ መግቢያ፣ ፈረስ፣ ትልቅ ስፓ አለው። ለእናንተ የምመርጠው ይህንን ነው። ምክንያቱም ባዝ ሙሉ ከተማ ናት፦ ከፓዲንግተን 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ባቡር፣ ማታም ታክሲ። ሌላው ደግሞ ጃንሆይ በስደት ዘመናቸው ከ1936 እስከ 1940 እ.ኤ.አ. የኖሩበት ፌርፊልድ ሀውስ እዚያው ባዝ ኬልስተን ሮድ ላይ ነው። በ1958 ቤቱን ለከተማዋ አረጋውያን መገልገያ ይሆን ዘንድ ሰጥተውታል። ለጎብኚ የሚከፈተው በተወሰኑ ቀናት ብቻ ስለሆነ ክፍል ከመያዛችሁ በፊት ጻፉላቸው። ባዝ ደርሶ ይህን ቤት ሳያዩ መመለስ ያሳዝናል።

ከሂዝሮው ለንደን መግባት አያስፈልግም። ሬይል ኤር የሚባለው አውቶቡስ ሬዲንግ ጣቢያ ያደርሳችኋል፣ ከዚያ የባዝ ባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው። ቲኬቱን ኦፍ ፒክ የሚባለውን፣ ከተጨናነቀው ሰዓት ውጪ የሚያገለግለውን፣ ግዙ። አድቫንስ የሚባለው ይረክሳል፣ ግን ለአንድ ባቡር ብቻ የተቆረጠ ነው፤ በረራችሁ ዘግይቶ ያ ባቡር ካመለጣችሁ አዲስ ትገዛላችሁ።

ከሪሴፕሽን ጀርባ፦

ቦታው ላይ ከባለ ካርታው ጋር እስማማለሁ፤ እኔ ክፍሉ ላይ ልጨምር፣ ቅሬታ የሚበዛው እዚያ ነውና።

እነዚህ ቤቶች በአብዛኛው በቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው። ባለቤቱ እንደፈለገ ግድግዳ አያፈርስም፣ መስኮት አይቀይርም። በዚህ የተነሳ ብዙዎቹ ሊፍትም አየር ማቀዝቀዣም የላቸውም፣ አንድ ዓይነት ዋጋ ያላቸው ሁለት ክፍሎችም በስፋት አይመሳሰሉም። ድረ ገጹ ላይ ‹ኮዚ›፣ ‹ስናግ› ወይም ‹ክላሲክ› የሚል ካያችሁ ትንሹ ክፍል እሱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጣሪያው ሥር ያለ፣ ረጅም ሰው ግንዱ ላይ ግንባሩን የሚመታበት። ‹ኮርትያርድ› ከሆነ ደግሞ ከዋናው ቤት ውጪ ያለ የቀድሞ የፈረስ ጋጣ ሊሆን ይችላል፤ ታድሶ ያማረ ነው፣ ነገር ግን ሕልማችሁ ባላባት ቤት ውስጥ መተኛት ከሆነ ‹ዋናው ቤት ውስጥ፣ በስንተኛው ፎቅ፣ ወደየት የሚያይ?› ብላችሁ በስልክ ጠይቁ። በዚያው ስልክ በእነዚያ ቀናት ሠርግ ወይም የድርጅት ስብሰባ መኖሩን ጠይቁ። ሠርግ ካለ የአትክልቱ ሥፍራና ሳሎኑ ለእነሱ ይዘጋል፤ ይህን ሳይጠየቅ የሚናገር ሆቴል ጥቂት ነው።

ከማክሰኞ እስከ ዓርብ መምረጣችሁ ጥሩ ነው። ቅዳሜን የሚነካ ቆይታ ብዙ ቦታ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ያስገድዳል፣ ዋጋውም ይወጣል፣ ስፓውም ለቀኑ ብቻ በሚመጡ ሰዎች ይጨናነቃል።

ስፓን በተመለከተ ‹ስፓ ይጨምራል› ማለት ገንዳው፣ ሳውናው፣ ስቲሙ ማለት ነው። ማሳጅ ለብቻ ይከፈላል፤ ክፍሉን ስትይዙ አብራችሁ ካልያዛችሁ የሁለት ሰው የማሳጅ ክፍል አታገኙም። ሳውና ውስጥም ቢሆን የዋና ልብስ ይለበሳል።

በጀቱን እንየው፣ ግምት ነው። ክፍሉን ቁርስ ጨምሮ በሌሊት 450 ብንይዝ 1,350። አንድ ምሽት በትልቁ ምግብ ቤት ለሁለት 320። ሁለት ምሽት ቀለል ያለ ቦታ 180። ሁለት ማሳጅ 240። አፍተርኑን ቲ (ከሰዓት በኋላ ከሳንድዊችና ከኬክ ጋር የሚቀርብ ሻይ) 80። ባቡርና ታክሲ 250። ድምሩ 2,420 ነው። ይበቃል፣ ግን ወይኑ ላይ ከተዘረጋችሁ ያልፋል። የሚታየው የክፍል ዋጋ 20 ከመቶ ተ.እ.ታ ያካትታል። የምግብ ሂሳቡ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ 12.5 ከመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ይጨመራል፤ ያ ጉርሻው ነው፣ እንደ አሜሪካ ሌላ 20 ከመቶ ከላዩ አትደርቡ። ከኦክቶበር 2024 ወዲህ ያ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ለሠራተኛው መድረስ እንዳለበት ሕግ ወጥቷል።

የጾም ገበታ፦

‹ፋስቲንግ› ብላችሁ አትጻፉ፤ ምንም እንደማትበሉ ይረዱታል። ‹ቬጀቴሪያን› ካላችሁ ደግሞ እንቁላል፣ ቅቤና አይብ ይመጣል። የጾም ምግብ ማለት ለእነሱ ‹ቪጋን› ነው። ይህንን ክፍሉን ስትይዙ ጻፉ፣ ከዚያ ከመድረሳችሁ 48 ሰዓት ቀደም ብላችሁ በስልክ ደግማችሁ አረጋግጡ። ባለብዙ ኮርሱ ምግብ በሥጋ መረቅና በቅቤ ላይ የተሠራ ስለሆነ ያኔውኑ ሊቀይሩት አይችሉም፤ ሳይነገራቸው ከቀረ የሚያመጡላችሁ የተጠበሰ አበባ ጎመንና ሰላጣ ነው። ትልቁን እራት ሐሙስ አድርጉት።

ረቡዕ ላይ አንድ የሚያምር ግጥምጥሞሽ አለ። እስከ 9 ሰዓት ከቆያችሁ አፍተርኑን ቲ በትክክል ያኔ ነው፣ በእነሱ 3:00 ፒኤም። የቪጋን ቲ በቅድሚያ ካዘዛችሁ ሳንድዊቹም፣ ስኮን የሚባለው ትንሽ ዳቦም፣ ኬኩም ያለ ቅቤና ያለ ክሬም ተሠርቶ ይቀርባል። ካላዘዛችሁ ግን ስኮኑ በቅቤና በወተት የተቦካ ነው፣ በቦታው የሚደረግለት ነገር የለም። የረቡዕ ቁርስ በዋጋው ውስጥ ስለተካተተ ገንዘቡ አይመለስም፤ በምትኩ ለምሳ ወይም ለቲው ይቀየርልን ብላችሁ ግን መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ብዙ ቦታ እሺ ይላሉ።

አሳማን በሚመለከት ቁርሱ ላይ ተጠንቀቁ። ፉል ኢንግሊሽ በሚባለው ሳህን ቤከኑም ሶሴጁም አሳማ ነው፤ ጥቁሩ ክብ ቁራጭ፣ ብላክ ፑዲንግ፣ የአሳማ ደም ነው። እንጉዳዩና ቲማቲሙ በዚያው መጥበሻ ሊጠበስ ስለሚችል ‹በተለየ መጥበሻ› በሉ። ፐብ ውስጥ ድንች ጥብሱን በከብት ሞራ የሚጠብሱ ስላሉ ዓርብ ዕለት ዘይቱ ምን እንደሆነ ጠይቁ።

የሚረዳ ነገር አንድ አለ። እንግሊዝ ውስጥ ማንኛውም ምግብ ቤት 14 አለርጂ አምጪ ነገሮችን ማሳወቅ ግዴታው ነው። ዝርዝሩን አምጡልኝ ስትሉ ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ የየራሳቸው ረድፍ አላቸው፤ አስተናጋጁ ከሚገምትላችሁ እሱን ማየት ይሻላል። ሥጋና የሥጋ መረቅ ግን እዚያ ውስጥ ስለማይገቡ ለየብቻ መጠየቅ አለባችሁ።

ግራ መስመር፦

አልነዳም ብለሃል፣ ትክክል ነህ፤ ለሌላው አንባቢ ያህል ብቻ። ሌሊቱን በአውሮፕላን ያሳለፈ ሰው ከሂዝሮው በቀጥታ አይንዳ። መኪናውን ከባዝ ለአንድ ቀን መከራየት ይሻላል፣ አውቶማቲክ መሆኑ በጽሑፍ ይረጋገጥ፤ ካላሉ ባለ ማርሽ ይሰጣችኋል።

ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው የሚመታው የግራ ጎማውን ነው። ሹፌሩ ቀኝ ላይ ስለሚቀመጥ መኪናው ሳይታወቀው ወደ ግራ ይሳባል፣ ጠርዙ ጎማውን ጎኑ ላይ ይቀደዋል፤ ተራው የኪራይ ኢንሹራንስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጎማና መስታወት አይሸፍንም። አደባባይ ላይ ከቀኝ ለሚመጣው ቅድሚያ ስጡ። ጠባቡ የገጠር መንገድ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ሆኖ በየርቀቱ ሰፋ ያለ መጠበቂያ አለው፦ በግራችሁ ከሆነ ግቡበት፣ በቀኝ ከሆነ ትይዩው ላይ ቆማችሁ የሚመጣው እንዲገባበት ጠብቁ። ነጭ ክብ ላይ ሰያፍ ጥቁር መስመር ያለው ምልክት በዚህ መንገድ እስከ 60 ማይል ይፈቅዳል፤ ከመታጠፊያው ጀርባ ትራክተር ወይም ፈረስ ሊኖር ስለሚችል ግን ከ30 በላይ የሚያስኬድ አይደለም።

ነዳጅ ስትሞሉ ልብ በሉ። አሜሪካ ውስጥ አረንጓዴው እጀታ ብዙ ጊዜ ናፍጣ ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ አረንጓዴው ቤንዚን፣ ጥቁሩ ናፍጣ ነው። ከተሳሳታችሁ ሞተሩን አታስነሱ፣ ቁልፉንም አትክፈቱ፤ ለአከራዩ ደውሉ።

የሜሪላንዱ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ሉክናምን መርጠናል። አንድ የቀረኝ፦ ማክሰኞ ጠዋት 7 ሰዓት ላይ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ነው የምናርፈው። ክፍሉ እስኪደርስ ምን እናድርግ? ለእግር ጉዞስ ምን ይዘን እንሂድ?

ባለ ካርታው፦

ክፍል የሚሰጠው በአብዛኛው ከ3 ፒኤም ጀምሮ ነው። ሻንጣውን ሲያስረክቡ እንግዳን ቀድመው ስፓ የሚያስገቡ ሆቴሎች አሉ፣ ስለዚህ ደውላችሁ ጠይቁ፤ የዋና ልብሱን ከሻንጣው ላይኛው ክፍል አድርጉት። ካልሆነ ባዝ ላይ ውረዱ፣ ሻንጣ የሚያስቀምጥ ቦታ አስቀድማችሁ ያዙ፣ የሮማውያንን መታጠቢያ አይታችሁ በ2:30 ፒኤም በተያዘ ታክሲ ሂዱ። ለሆቴሉ የሚቀርብ ሌላ ጣቢያ ቺፕናም ነው፤ ከለንደን ስትመጡ ከባዝ በፊት ይገኛል፣ የታክሲው ርቀትም ተመሳሳይ ነው።

ለእግር ጉዞ ውሃ የማያስገባ ጃኬትና ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ። ቦት ጫማ የሚያውሱ ሆቴሎች ስላሉ ቁጥራችሁን በእንግሊዝ መለኪያ አውቃችሁ ሂዱ። የእግር መንገዱ በገበሬ ማሳ ውስጥ ያልፋል፣ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ቢጫ ቀስት የእግረኛ፣ ሰማያዊ ቀስት ፈረስም የሚሄድበት ነው። የከፈታችሁትን በር ዝጉ፣ ክፍት ያገኛችሁትን ክፍት ተዉ። ጥጃ ያላት ላም ካለች በመሃል አትለፉ፣ በአጥሩ ጥግ ዙሩ። በዚያ ሳምንት ፀሐይ የምትጠልቀው 6:40 ፒኤም ገደማ ነው፤ ከ4:00 ፒኤም በኋላ ረጅም መንገድ አትጀምሩ፣ ጫካው ውስጥ ቀድሞ ይጨልማል፣ የስልክ ኔትወርክም ሸለቆው ውስጥ ይቆራረጣል። ካርታውን ሆቴሉ ዋይፋይ ላይ እያላችሁ አውርዱት።