ለቤት የሥራ ክፍል ትልቅ የውፍረት መላጊያ ማሽን፦ 38 ወይስ 50 ሳንቲ ሜትር?

ጠያቂ

ሰላም ለሁላችሁ። በቤቴ የሥራ ክፍል ጠረጴዛ፣ ቁም ሣጥንና አልጋ እሠራለሁ። አሁን የምጠቀምበት ቲክነሰር (የውፍረት መላጊያ) ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ 33 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ የሚልግ ነው። ጠንካራ እንጨት ሲገባበት ሞተሩ ይጨነቃል፣ ይግላል፤ ጩኸቱም ጆሮ ይበጥሳል። ወደ ትልቅ ለመሸጋገር ሁለት ምርጫ አለኝ። አንደኛው አዲስ፣ 38 ሳንቲ ሜትር የሚልግ፣ 2.2 ኪሎ ዋት (3 የፈረስ ጉልበት) ሲንግል ፌዝ ሞተር ያለው ነው። ሁለተኛው ያገለገለ፣ 50 ሳንቲ ሜትር የሚልግ፣ ባለ 5.5 ኪሎ ዋት ሦስት ፌዝ ከባድ ማሽን ነው። ቤቴ የሚገባው መስመር ሲንግል ፌዝ ነው። የጣውላውን ገጽ የማቀናበት ማሽን ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ልቤ ወደ ትልቁ ያደላል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የቤት ዕቃ ሠሪ

ወንድሜ፣ ማሽኑን ከመምረጥህ በፊት የምትሠራበትን እንጨት ለካ። ዘጠና ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጠረጴዛ ገጽ በሃምሳውም አያልፍም፤ ከፍሎ መላግና በመጨረሻ ማጣበቅ የግድ ነው። እያንዳንዳቸው ሠላሳ አምስት ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ክፋዮች አጣብቀህ፣ ልገህ፣ አንድ መጋጠሚያ ብቻ በእጅ መላጊያ ብታስተካክል ሰባ ሳንቲ ሜትር ይወጣልሃል። ለዚህ ሠላሳ ስምንቱ ይበቃል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። የውፍረት መላጊያ ሁለቱን ገጾች ትይዩ ያደርጋል እንጂ የተጣመመውን አያቀናም። እንጨቱን የሚጎትቱት ሮለሮች የጎበጠውን ጣውላ ተጭነው አሳልፈው ይለቁታል፤ ከማሽኑ ሲወጣ ተመልሶ ይጎብጣል። አንተ የምታቀናበት 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ከዚያ በላይ የሰፋውን ሁሉ ከሥሩ ቀጥ ያለ ሰሌዳ አድርገህ፣ ክፍተቱን በሽብልቅ ደግፈህ ማሳለፍ ይኖርብሃል። ይሠራል፣ ግን ጊዜ ይበላል። ስለዚህ እኔ ብሆን 38ቱን ገዝቼ የተረፈውን ገንዘብ ሰፋ ወዳለ የገጽ ማቅኛ አዞረው ነበር።

የኤሌክትሪክ ባለሙያ

የእኔ ምክር ከትልቁ ማሽን ሞተር ላይ ከተለጠፈችው ትንሽ ሰሌዳ ይጀምራል። ፎቶ አንሥተህ ተመልከታት። 230/400 ቮልት የሚል ከሆነ፣ ሞተሩ በዴልታ (የውስጥ ጥቅሎቹ በሦስት ማዕዘን የሚያያዙበት አገናኘት) ተገናኝቶ ከሲንግል ፌዝ ሦስት ፌዝ በሚያወጣ ኢንቨርተር ሊሠራ ይችላል። 400/690 የሚል ከሆነ ግን 230 ቮልት የሚያወጣው ኢንቨርተር ሙሉ ጉልበቱን አይሰጠውም፤ በዚህ መጠን ያሉ ሞተሮች ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ናቸው። ያኔ ወይ ሞተሩን መቀየር ነው፣ ወይ የሦስት ፌዝ መስመር ማስገባት።

ቢሳካልህም 5.5 ኪሎ ዋት በሲንግል ፌዝ ሙሉ ጭነት ላይ ከ30 አምፔር በላይ ይስባል። የቤትህ ዋና ብሬከር ይህን ከሌላው ዕቃ ጋር መሸከሙን አስመርምር። 2.2 ኪሎ ዋቱ በሥራ ላይ 13 አምፔር ገደማ ነው፤ ሲነሣ ግን ለአፍታ የዚያን ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ለብቻው መስመር ዘርጋለት፤ ብሬከሩም የመነሻውን ጉልበት የሚታገሥ የሞተር ዓይነት ይሁን። በማራዘሚያ ገመድ ማሠራት ሞተሩን ቀስ በቀስ መግደል ነው።

አሮጌ ማሽን ጠጋኝ

ልጄ፣ እኔ ከሁለቱ ወዳጆቼ እለያለሁ። ከባድ አሮጌ ማሽን ደኅና ከሆነ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ክብደቱ ራሱ ንዝረቱን ይውጠዋል። ደኅና መሆኑን ግን ዓይተህ ሳይሆን ለክተህ እወቅ።

መጀመሪያ ቢላዎቹን የያዘውን ከበሮ ተመልከት። ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን ከሆነ አትግዛው፤ የዚያ ዓይነቱ ከበሮ እጅ ሲያገኝ ይጎትታል፣ ጉዳቱም የከፋ ነው። ክብ ከሆነ ከመብራት ነቅለህ፣ ቺንጋውን አውልቀህ በእጅህ ቀስ ብለህ አዙረው። ኩሽኔታው አሸዋ እንደገባበት ቢንኮሻኮሽ መቀየሪያውን ከዋጋው ቀንስ። ከዚያ እኩል ውፍረት ያላቸው ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ ጠርዝ አብረህ አሳልፍና በካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ለካ። የግራና የቀኙ ልዩነት በአብዛኛው ጠረጴዛውን በማስተካከል ይጠፋል። ሦስተኛ እንጨት በመሐል አሳልፈህ ከጠርዞቹ ወፍሮ ከወጣ ግን ጠረጴዛው በሥራ ብዛት ጎድጉዷል፤ ይህን ቤት ውስጥ አታድነውም።

የጎማ ሮለር ካለው በጥፍርህ ጫነው። ደርቆ እንደ ድንጋይ ከሆነ እንጨቱን መጎተት ያቅተዋል። በመጨረሻም በርህን ለካ፤ ክብደቱንም ጠይቅ። የዚህ ስፋት ማሽኖች ከ400 ኪሎ ግራም ሲበልጡ የተለመደ ነው። በብረት ቱቦ ላይ እያንከባለሉ ማስገባት ይቻላል፤ ወለሉ እንጨት ከሆነ ግን አስቀድመህ ከሥሩ አስደግፈው።

ባለ ትንሽ ወርክሾፕ

ስለ ፍቅፋቂው ማንም አላነሣም፤ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። አርባ ሳንቲ ሜትር ስፋትና ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ጣውላ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ስትልግ 0.8 ሊትር ድፍን እንጨት አነሣህ ማለት ነው። ሲፍረከረክ ደግሞ ብዙ እጥፍ ያብጣል። ጥቂት ጣውላ ሳታሳልፍ ትልቁ ጆንያ ይሞላል። በቂ መምጠጫ ከሌለ ፍቅፋቂው ወደ ሮለሩ ይመለስና እየተደፈጠጠ በተላገው ገጽ ላይ ጠባሳ ያትማል። በቤት መጥረጊያ ቫኪዩም የሚሞከር አይደለም። ለ50ው ቢያንስ 125፣ ከተቻለ 150 ሚሊ ሜትር ቱቦ ያለው መምጠጫ ያስፈልግሃል። እሱን ለማሟላት አቅም ከሌለህ ትልቁን ማሽን አታስበው።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኤሌክትሪክ ባለሙያው እንዳሉኝ የትልቁን ሞተር ሰሌዳ አየሁት፤ 400/690 ይላል። በሬም ይጠባል፤ ስለዚህ ወደ 38ቱ አዘንብያለሁ። አሁን የቀረኝ የቢላው ነገር ነው። ሁለት ዓይነት ቀርቦልኛል፤ አንዱ ቀጥ ያሉ ሦስት ቢላዎች ያሉት፣ ሌላው ትንንሽ አራት ማዕዘን የካርባይድ (በጣም ጠንካራ ብረት) ቢላዎች በጠመዝማዛ መስመር የተደረደሩበት ከበሮ ያለው። ልዩነቱ ተጨማሪ ገንዘብ ያዋጣል? ማሽኑ የጣውላውን ጫፍ ከሌላው በጥልቀት አብልጦ የሚቆርሰውስ ነገር በትልቁም ይቀጥላል?

የቤት ዕቃ ሠሪ

ጉጥ የበዛበትና ቃጫው የሚገለባበጥ እንጨት ከሆነ የምትሠራበት፣ ያዋጣል። ቀጥ ያለው ቢላ በሙሉ ስፋቱ በአንዴ ሲመታ ቃጫውን ይቦጭቃል፤ ጠመዝማዛው በየተራ እየነካ ያልፋል፣ ድምፁም ይቀንሳል። እያንዳንዷ ቢላ አራት ስለት አላት፤ አንዷ ምስማር ብትነካና ብትሸረፍ እሷን ብቻ ታዞራለህ። ስታዞር ግን የምትቀመጥበትን ቦታ በብሩሽ አጽዳ። ከሥሯ አንዲት ፍርፋሪ ከቀረች ከፍ ብላ ትቆምና ጣውላው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ መስመር ታሰምራለች። ብሎኑንም አምራቹ በጻፈው ጉልበት ብቻ አጥብቀው።

ጫፉን የሚቆርሰው ጣውላው በአንድ ሮለር ብቻ ተይዞ ሲቀር ስለሚነሣ ነው። ማሽኑ ሲከብድ ይቀንሳል፣ ፈጽሞ ግን አይጠፋም። ረጅሙን ጣውላ ሲገባም ሲወጣም ደግፈው። ብዙ ካሉህ አንዱን በአንዱ ጫፍ እያስነካህ አስከትላቸው። ለአንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ በየጫፉ ሰባት ስምንት ሳንቲ ሜትር ትርፍ ተውና በኋላ ቁረጠው።