«አልማዝ» እና «ዳይመንድ» ዝምድና አላቸውን?

ጥያቄ (የቋንቋ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ)፦
የተከበራችሁ አንባብያን፣ አንድ ተማሪዬ በክፍል ውስጥ ያነሣው ጥያቄ መልስ አሳጣኝ። ፈረንሳዮች «ዲያማን»፣ ጀርመኖች «ዲያማንት»፣ ጣሊያኖችና ስፔኖች «ዲያማንቴ»፣ እንግሊዞች «ዳይመንድ» ሲሉ፣ ሩሲያውያን እንደ እኛው «አልማዝ» የሚሉት ስለ ምንድን ነው? ልጁ «ከእኛ ወስደውት ይሆን?» ቢል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

መልስ (ከባሕር ዳር)፦
መምህር፣ ስሞቹ ሁሉ አንድ ቃል ናቸው፤ የተለያየው የመጡበት መንገድ ነው። መነሻው የግሪኩ «አዳማስ» ሲሆን፣ ፊት ያለችው «አ» አፍራሽ ናት፤ የቀረው «መግራት» ከሚል ግስ ስለ ወጣ፣ ፍችው «የማይገራ፣ የማይበገር» ይሆናል። ቀንበር አልሸከም ያለ ወይፈን ያስቸገረው የጎጃም ገበሬ ስያሜው ሳይብራራለት ይገባዋል። ላቲን ቃሉን ተቀብሎ ኋላ «ዲያማስ» አደረገው፤ የፊንላንዱ «ቲማንቲ» ሳይቀር የምዕራቡ ስሞች የወጡት ከዚያ ነው። በምሥራቅ በኩል ግን በፋርስና በዐረብ ምድር «አልማስ» ሆነ፤ ሩሲያውያን ከቱርክ ወገን ቋንቋዎች፣ እኛ ከዐረብኛ አገኘነው። ቡልጋሮች በሁለቱ መንገዶች መካከል ስላሉ «ዲያማንት»ም «ኤልማዝ»ም ይላሉ። ዐረቦች ደግሞ «አል»ን እንደ ራሳቸው መስተአምር (እንደ እንግሊዝኛው «ዘ» ከስም ፊት የሚገባ ቃል) ቆጥረው «ማስ» ብቻ የሚሉበት ጊዜ አለ፤ «አሌክሳንድሮስ» ተቆርጦ «እስክንድር» የሆነውም በዚሁ ስሕተት ነው።

መልስ (ከደብረ ኤልያስ)፦
የተባለው ትክክል ነው፤ ነገር ግን በደጃችን ያለው ሦስተኛው መንገድ ተዘነጋ። ግእዝ ያንኑ የግሪክ ቃል ወስዶ «አድማስ» ብሎታል። በትንቢተ አሞጽ ምዕራፍ 7 ቁጥር 7 የሰብዓ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም «አዳማስ» ያለውን፣ ዕብራይስጡን የተከተለው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ቱንቢ» ይለዋል። ዛሬ «አድማስ» ሲባል ሰማይና ምድር የሚገጥሙበት ዳር ብቻ ስለሚታሰበን፣ የድንጋይም ስም መሆኑን የሚሰማ ሰው ይገረማል። (ቅኔ ለሚቆጥር ግን ለኅብር፣ ማለት በአንድ ቃል ሁለት ፍች ለማስገኘት፣ የተመቸ ቃል ነው።)

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሩሲያውያን «ብሪሊያንት» የሚሉትስ ሌላ ድንጋይ ነውን?

መልስ (ከባሕር ዳር)፦
ድንጋዩ ያው ነው። «አልማዝ» የድንጋዩ ስም ሲሆን፣ ተቆርጦና ተሞርዶ ፈርጥ ሲሆን ከፈረንሳይኛ በተወሰደው «ብሪሊያንት» ይጠሩታል፤ በጣት ቀለበት ላይ ያለውን «አልማዝ» ሲሉት እምብዛም አይሰማም።