ሳንባ የሚያጠነክረው መርፌ የማን ግኝት ነው?

የቃል እናት፦
ሰላም ናችሁ? እህቴን በ31 ሳምንቷ ምጥ ሲጀምራት ለሕፃኑ ሳንባ ብለው ዴክሳሜታዞን ወጓት። ልጁ ይኸው ጡት እየጠባ ነው፣ ተመስገን! ይህን ያገኘው ማን ነው?

አዋላጇ፦
እንኳን ማርያም ማረቻት! ግርሃም ሊጊንስ ይባላል፤ የኒውዚላንድ የማህፀን ሐኪም ነበር። የሚመረምረው ምጥን የሚያስጀምረው ምን እንደሆነ ነበር። እንደ ዴክሳሜታዞን ባለ ሆርሞን ምጥ ተቀስቅሶ ያለጊዜው የተወለደ የበግ ግልገል ይሞታል ሲባል ሲተነፍስ አገኘው! ሳንባውን ሲያዩት አየር ገብቶበታል። ሌላ ቢሆን አልፎት ይሄድ ነበር። ከሕፃናት ሐኪሙ ሮስ ሃዊ ጋር ኦክላንድ ከተማ ውስጥ ይህን ዓይነት መድኃኒት በእናቶች ላይ ሞክረው ውጤቱን በ1972 እ.ኤ.አ. አሳተሙ።

ደሴ፦
ለማንኛዋም ነፍሰ ጡር ይሰጣል?

አዋላጇ፦
የለም ወንድሜ። ከ24 እስከ 34 ሳምንት ሆኗት፣ ቶሎ ትወልዳለች ተብሎ ሲታሰብና ኢንፌክሽን ከሌለባት ነው። ጨቅላውን የሚያሞቅና የሚያክም ክፍልም ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ምጥ ካለጊዜው ሲመጣ ቤት አትቆዩ፣ እባካችሁ።