የራሴ ጭንቀት ወደ ሳይኮሎጂ እየገፋኝ ነው፣ ልግባበት?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከቤይሩት ከተመለስኩ 3 ዓመቴ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ሌሊት በር ሲንኳኳ ልቤ ቀጥ ይል ነበር፣ ታክሲ ውስጥ ትንፋሽ ያጥረኝና ሳልደርስ እወርድ ነበር። እናቴ ጸበል ወሰደችኝ፣ በኋላም አንዲት የሥነ ልቦና አማካሪ ጋ ለወራት ተመላለስኩ። አሁን ብዙ ተሽሎኛል። እኔም ይህንኑ ልማር እያልኩ ነው። የተጎዳ ሰው ሌላውን ማከም ይችላል?

መልስ 1፦
እህቴ፣ የማርሻ ሊነሃንን ታሪክ እዪ። በ1961 እ.ኤ.አ. በ17 ዓመቷ አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታል ገብታ ከ2 ዓመት በላይ ተኛች፣ ራሷን ትጎዳ ነበር። ኋላ ሳይኮሎጂ ተምራ፣ መኖር ላስጠላቸው ሰዎች ዲቢቲ የሚባለውን፣ ከባድ ስሜትን መቋቋም የሚያስተምረውን የንግግር ሕክምና ፈጠረች። ታሪኳን በአደባባይ የተናገረችው ግን በ2011 እ.ኤ.አ. ነው።

መልስ 2፦
አማካሪ ነኝ። ይቻላል፣ ግን ቁስሉ መድረቅ አለበት። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ልጅ አባቱን ስለቀበረበት ቀን ሲያወራኝ የራሴ አባት ፊቴ ድቅን አለና የሚለውን መስማት አቃተኝ። ማታ ሱፐርቫይዘሬ (ሥራዬን የሚከታተል ነባር አማካሪ) ጋ ደውዬ አለቀስኩ። ሕክምናሽን አታቋርጪ።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ማክሰኞ ከአማካሪዬ ጋር ቀጠሮ አለኝ፣ አነሳላታለሁ።